ቅጂ የማያስቀር ቢሮ

ሕሊና የቡሬ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ስትቀጠር የቢሮውን ፋይል ሁሉ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ተረክባ እሱ የሚሠራበትን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት የምታሽከረክረው እሷ ብቻ ነበረች። ግትር ናት። እናቷ «ይችን ልጅ አንድ ነገር ከያዘች የሚያስለቅቃት የለም» ይላሉ፤ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ እውነት ነው።

ያን ዓመት ክረምት ሲገባ የያዘችው የፋይል ጣጣ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን የሚያኖርበት አንድ የጋራ ፎልደር አለ። አንዱ ያስገባውን ሌላው ሊከፍት ሲል «ፈቃድ የለህም» ይለዋል። ሕሊና ፈቃዱን ታስተካክላለች፤ ምሳ በልታ ስትመለስ አዲስ የገባው ፋይል ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ ተከፍቶ ታገኘዋለች። የገበሬው የምርጥ ዘር ጥያቄ ሳይቀር በዚሁ ሰበብ ዘገየ። የዕቅዱ ባለሙያ ዳኘው፣ እንድንለማመጣት ሆን ብላ ነው የምትቆልፍብን ብሎ አስወራ። ኃላፊው አቶ ትዕዛዙም ነገሩ ዓርብ በግምገማ ይታይ አሉ። ገና በሙከራ ላይ ያለች ልጅ በዚያን ዘመን ግምገማ ላይ «ኪራይ ሰብሳቢ» ከተባለች እንጀራዋ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሁሉን ለሁሉ ከፍቶ መገላገል ይቻል ነበር። እሷ ግን አልፈለገችም፤ ማንም የማንንም ሥራ የሚያጠፋበት ፎልደር በር የሌለው ጎተራ ነው። ይልቅ ከጸሐፊዋ ከእትዬ ወለተ ሐና ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሲሠሩ ታይ ጀመር።

እትዬ ወለተ ሐና ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ባለው የግል ፎልደራቸው ጻፉ፤ ከዚያ ቆርጠው የጋራው ፎልደር ውስጥ ለጠፉት። ሕሊና ብድግ አለች። ተቀድቶ የገባ ፋይል የፎልደሩን የጋራ ፈቃድ ይይዛል፤ ተቆርጦ የመጣ ግን የባለቤቱን ቁልፍ እንደያዘ ይገባል።

«ለምን ይቆርጡታል፣ እትዬ? ቢቀዱት እኮ ይበቃል።»

«ቅጂ አላስቀርም፣ ልጄ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

አምና አንድ ሪፖርት በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኝቶባቸው፣ አቶ ትዕዛዙ በግምገማ ላይ «ሁለት ሰነድ የሚይዝ ሁለት ልብ አለው» ብለው አዋርደዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢሮው በሙሉ እየቆረጠ ነው የሚያስገባው። እሳቸውም ጡረታቸው ደርሷል፤ ዳግመኛ ሰው ፊት መቆም አይሹም።

ሕሊና ተናደደች። ፈቃዱን በየሰዓቱ የሚያስተካክል ትእዛዝ ለሰርቨሩ ጽፋ ዝም ማለት ትችል ነበር። ሰዉ ግን እንደፈራ ሊኖር ነው። ስለዚህ ዓርብ ኮምፒውተሯን ይዛ ስብሰባው ውስጥ ገባች። አንድ ፋይል ቀድታ፣ ሌላውን ቆርጣ አስገባችና ዳኘውን ክፈታቸው አለችው። የተቀዳው ተከፈተለት፤ የተቆረጠው እምቢ አለው።

«አቶ ትዕዛዙ፣ የቆለፈ ሰው የለም» አለች። «ቅጂ ማስቀረት ጥፋት ነው ስላሉ ሰው ሁሉ እየቆረጠ ያስገባል። እኔ ከመገምገሜ በፊት ያ ቃል ይነሣልን።»

ዳኘው ጠረጴዛውን ያይ ጀመር። አቶ ትዕዛዙ ግንባራቸውን አሻሽተው፣ እንግዲህ መቅዳት ይቻላል፤ የወይዘሮ ወለተ ሐናም ያን ያህል ጥፋት አልነበረም አሉ።

እትዬ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የአምናው ወቀሳ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ይህም ይያዝልኝ» አሉ። ተጽፎ እስኪነበብላቸውም አልተቀመጡም።