ቤታችንን ለሁለት የከፈልኩበት ብረት

ወንድሜ «ይሄ ቤት አይከፈልም» ያለው የእናታችንን ሙት ዓመት ባወጣን ማግስት፣ የእናታችን ሶፋ ላይ ተዘርፍጦ ነው። እሱ ብስራተ ገብርኤል በኩል የራሱ ቤት አለው፣ ሚስት አለው፣ መኪና አለው። እኔ ያለችኝ ይቺው መካኒሳ አቦ ያለች፣ የተወለድኩባትና እናቴን አስታምሜ የቀበርኩባት የጭቃ ቤት ናት። እሱ ቤቱ ይሸጥ ይላል። እኔ ደግሞ አልወጣም። በቃ፣ ጠቡ ይኸው ነው።

ልንዳኝ የተቀመጥነው የእድራችን ሰብሳቢ ፊት ነበር። አባታችንንም እናታችንንም የቀበሩ፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ወንድሜ ድምፁን አለስልሶ ያስረዳቸዋል። «እኔም እኮ አዝናለሁ አባባ። ግን እንክፈለው ብንል መሃሉ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ሊገባ ነው። ለብሎኬት መሠረት ይቆፈራል። መሠረት ሲቆፈር ይሄ አሮጌ ጭቃ ይናዳል። መሸጥ ግድ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ብሎኬቱ አልዋሸም፣ እሱን አልክድም። የረሳው እህቱ ምን ሠርታ እንደምትበላ ነው። እኔ ውሎዬ ሕንፃ ላይ ነው። ከቀጭን ቆርቆሮ የታጠፈ ብረት አቆማለሁ፣ በላዩ ጂብሰም አለብሳለሁ፣ ግድግዳም ኮርኒስም አወጣለሁ። አንዱን ብረት በአንድ እጄ ነው የማነሣው። መሠረት ምናምን አይፈልግም፤ ሊሾው ላይ በብሎን ይታሰራል። ለወንድሜ ግን ሥራዬ ምንጊዜም «ያ የምትለጣጥፊው ነገር» ነው።

«እኔ በብረት እከፍለዋለሁ» አልኩ። «አንድ አካፋ አፈር ሳይነሣ።»

«በዚያ በጣሳ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «አባባ፣ ሰሙልኝ? በጣሳ ቤት ልትከፍል ነው!»

ደሜ ፈላ። «ጣሳ አልከው? እሺ! ጣሳው ቀጥ ብሎ ከቆመ የእኔ ወገን የእኔ ነው። ካልቆመ ልብሴን በሻንጣ ይዤ እወጣለሁ፣ ያኔ ሽጠው።»

ሽማግሌው ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩንና «ተስማማችሁ?» አሉ። ወንድሜ አላሰበበትም፤ «ተስማምቻለሁ» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቅዳሜ መጥተው አይተው ሊፈርዱ ቀጠሩን።

ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ገባንበት። መጀመሪያ ኮርኒሱን ቀደድነው። የድሮ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነው፤ እናቴ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ቀለም የምትቀባው። መቀሱን ከማስገባቴ በፊት እሷ የቀባችውን ቀለም በመዳፌ ዳሰስኩት። ግን ግድግዳው ኮርኒሱ ሥር ከቀረ ከላይ ክፍት ነው። ወንድሜ የሚያመጣው ተከራይ ባስነጠሰ ቁጥር ከዚህ ማዶ ሆኜ «ይማርህ» ስል ልኖር ነው እንዴ? አይሆንም! እስከ ጣሪያው እንጨት ድረስ አደረስኩት። አንዱን ረጅም ብረት ከታች ሊሾው ላይ አሰርን፣ አንዱን ከላይ፣ ቋሚዎቹን በመሃል ደረደርን። ጂብሰሙን ሆን ብዬ አላለበስኩም። አጥንቱን ይዩልኝ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ወንድሜ ደጃፉን እንኳ በቅጡ ሳያልፍ ጣቱን ቀሰረ። «ይኸው! ዘሟል! ይዩት አባባ፣ ገና ሳያልቅ ዘሟል!»

ደግሞ ላየው ሰው እውነት ይመስላል። የመጨረሻው ቋሚ ከሥር ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ወደ ላይ ሲሄድ ግን እየራቀ እየራቀ፣ ጫፉ ላይ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶችም «ውይ፣ እውነትም ብረቱ ጠሟል» ተባባሉ። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው። የቆየው ቀና ነው ተብሎ ይታመናል፣ ፍርዱ ሁልጊዜ በአዲሱ ላይ ነው። ጉንጬ ነደደ፤ ግን ፍርሃት አልነበረም።

«ማነው የዘመመው?» አልኩና ቱምቢዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በክር የምትንጠለጠል የብረት እንክብል ናት፤ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚያይባት። ክሩን ከቋሚው ብረት ጫፍ አሰርኩና እንክብሏን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። «እርስዎ ይልቀቋት አባባ። ኋላ እሷ ነች ያጣመመችው እንዳልባል።»

ለቀቋት። ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘችና ረጋች። ክሩ ከብረቱ ጋር ከላይ እስከ ታች እኩል ወረደ። ሽማግሌው ክሩን አዩ፣ ብረቱን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዞሩ።

«ወይ ጉድ! ቤቱ ነው እኮ የዘመመው!»

ወንድሜ እጅ አይሰጥም። «እንግዲያው ሊወድቅ ነዋ! ይባስ መሸጥ አለበት!»

«ዘሞም ቢሆን አንተን አሳድጓል» አሉት ሽማግሌው።

ይሄን ጊዜ ትከሻውን አስደግፎ ብረቱን ገፋው። ቋሚው ትንሽ ተለመጠና ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግሞ ገፋው። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። «ግፋ እንጂ!» አልኩት። «ጣሳ አይደል እንዴ?»

«ይብቃ» አሉ ሽማግሌው። «ቆሟል። በዚህ ወገን ያለው የእሷ ነው።»

ጎረቤቶቹ እየተንሾካሾኩ ወጡ። ወንድሜ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ በወዲያኛው ወገን ብረቱን ይዞ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ቢያንስ መሃሉ ላይ በር ተይለት። አንድ እናት አይደለም ወይ የወለደችን?»

አንጀቴን በላው። ድንጋይ አይደለሁም። ግን ጣሳው ባይቆም ኖሮ በዚያች ሰዓት ሻንጣ ይዤ አስፋልት ላይ ነበርኩ፤ ያኔ የእናታችንን ስም የሚያነሣ ማን ነበር? ጂብሰሙን አንሥቼ ብረቱ ላይ ገጠምኩት። ጓደኛዬ ብሎን አቀበለችኝ። ከማዶ ፊቱ አይታየኝም፣ ትንፋሹ ግን ይሰማኛል።

«የእኔ በር በመንገዱ በኩል ነው» አልኩት። «ስትመጣ ጥራኝ፣ እከፍትልሃለሁ። ቤቴ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»