እናቴ የመለሰችው መልስ

ባለፈው እሑድ ስልኬ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ፍራፍሬ ከፍራፍሬ የሚገጣጠምበት ጨዋታ ላይ አንድ ሺኛው ደረጃ ደርሼ ኖሮ ስክሪኑ በብልጭልጭ ተሞላ። ማንጎ በየደጁ ወድቆ በሚበሰብስበት አርባ ምንጭ ተቀምጬ የማንጎ ሥዕል ሳፈነዳ መዋሌ ራሴንም አሳቀኝ። የምሥራቹን የምነግረው ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ከአንድ ደቂቃ የረዘመ ነገር ማየትም መስማትም ካቃተኝ ቆይቷል፤ ፊልም ጀምሬ እተወዋለሁ፣ መዝሙርም ከፍቼ ሳያልቅ አሳልፈዋለሁ።

የዚህ አመል መነሻ አይጠፋኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሽመና ስሠራ ቆይቼ እንደ አገራችን ልጆች ሁሉ ለመስቀል ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ያገለገለ ስልክ ነበረኝ። ያን ጊዜ መንደራችን ኔትወርክ ስላልነበረው ለመደወል አይረባም፤ እባብ ነጥብ እየዋጠ የሚረዝምበት ጨዋታ ግን ነበረው።

አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ወሬ የማይወድ ሰው። እናቴ እኔን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች አላውቃትም፤ እሱም ስለ እሷ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በዚያ መስቀል ግን ቁርጡን በዳጣ፣ ቆጮውን በቅቤ በልተን፣ ጉሙ ደጁን ሸፍኖት፣ ቀርከሃው ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንደተቀመጥን፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ በጋሞኛ ማውራት ጀመረ።

«እናትህን መጀመሪያ ያየኋት ፈትል ልትሸጥልኝ መጥታ ነው» አለ። «ገበያው መሀል ዘርግቼ አየሁትና፣ ‹ይሄማ ወፍራም ነው፣ አልገዛም› አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

እባቤ ስክሪኑን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቀና ሳልል «እ» አልኩ። አባቴ ቀጠለ፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬው ሳቅሁ፤ እባቡ የገዛ ጭራውን ነክሶ ሞተ።

«ምን አለችህ አባባ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ።

«ነገርኩህ እኮ» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

በማግስቱ አፍሬ አልጠየቅሁትም። በሚመጣው ዓመት እጠይቀዋለሁ ብዬ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለስኩ። አባቴ ለሚመጣው መስቀል አልደረሰም።

አክስቶቼን ጠይቄያለሁ። «ደግ ሰው ነበረች» ይሉኛል፤ ከዚያ ሌላ የላቸውም። ዝምተኛውን አባቴን እንዲያ የሚያስቅ ነገር የተናገረች ሴት እንደነበረች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የተናገረችውን ግን አላውቀውም። አንዳንዴ መልሱን ራሴ እፈጥርላታለሁ። አንዱም አያስቅም።

ዛሬ አባቴ ከፊቴ ተቀምጦ ቢያወራኝ ስልኩን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።