ያልተለኮሰችው የቢያዝን ሲጋራ

ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በጣና ዳር ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ዘብ፣ የአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ጌታ፣ የማለዳ ሳል ወራሽ የሆነው ጓድ ቢያዝን አለበል ከጥቅምት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ጀምሮ ሲጋራ መተዉን አውጇል! ኢምፔሪያሊዝም ደነገጠ የሚል ወሬ ባሕር ዳር አልደረሰም። ሚስቱ የብርጓል ግን ሰምታ ተመስገን አለች።

የአዋጁ ምክንያት አማቱ ነበሩ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከዘጌ በታንኳ በመጡ ቁጥር፣ ትንባሆ በሚሸት ቤት እህል አልቀምስም ብለው ከደጃፍ ይመለሳሉ። እሳቸው ትንባሆን ያሸነፉት ሳይቀምሱት ነው፤ እንዲህ ያለ ድል ቀላል ነው። አሁን ግን የብርጓል ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው ደርሷል። ዘመድ አዝማዱ ደግሞ እጁን የሚታጠበው አያትየውን አይቶ ነው። መሪጌታ ካልቀመሱ የሚቀምስ የለም፤ የብርጓልም በወለደች ማግስት አንገቷን ትደፋለች።

ቢያዝን ጥርሱን ነክሶ፣ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ፣ በረባ ባልረባው እየተነጫነጨ ተወ። ጢሱንስ ተወው። ያልተወው በሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጥና እሳት ጎረቤት አይሆኑምና በሽመናው አዳራሽ ማጨስ ክልክል ነው። ስለዚህ አጫሽ በፈረቃው መካከል ወደ ጓሮ ወጥቶ ከዋርካዋ ሥር ያጨሳል። የማያጨስ ምን ሊሠራ ይወጣል? ከማሽኑ ጎን በእግሩ እንደ ቆመ ይውላል፤ የጥጡን ብናኝም በነጻ ይስባል። ቢያዝን ከገጠሩ ከሰባታሚት ሲመጣ ጢስ የሚያውቀው ከምድጃ ነበር። ማጨስ የተማረው ለበሩ ሲል ነው።

በተወ ሰሞን እንደ ልማዱ ወደ በሩ ቢሄድ የፈረቃው አለቃ ዳኘው ክንዱን ዘረጋ።

"ወዴት ነው?"

"አየር ልቀበል ነበር፣ ጋሼ ዳኘው።"

"ትተሃል አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አየሩ እዚህም አለ።"

በማግስቱ ቢያዝን አንዲት ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። ዳኘው አይቶ መንገድ ለቀቀ። ከዋርካዋ ሥር ሲጋራዋን ሳይለኩስ በጣቶቹ መካከል ይዞ፣ ሐይቁን እያየ፣ እግሩን አሳርፎ ተመለሰ። በየቀኑ ያችው አንዲት ሲጋራ ነበረች፤ ወረቀቷ በላብ እስኪወይብ አገለገለች።

የፋብሪካው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ጓድ ሣህሉ በዚያው ሰሞን ፀረ ሲጋራ ዘመቻ ላይ ነበር። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ውጤቱን በየክፍሉ አሰማ። ጽሕፈት ቤት ከሞላ ጎደል ትቷል፤ ሽመና ክፍል አንድም ሰው አልተወም። ትንተናው የንቃተ ህሊና ዝቅተኛነት ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ ክፍሉ አካሉ ተነሥቶ ልምዱን አካፈለ፤ ሚስጥሩ ቁርጠኝነት ነው አለ። አካሉ የተወው በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ከረሜላ እየመጠጠ፣ በሁለት ብርጭቆ ሻይ መካከል ነው። በረንዳ ላይ ሲንጎራደድም ወዴት ነው የሚለው የለም። ይህ በትንተናው አልገባም።

ከዚያ ሣህሉ ቢያዝንን በስም ጠራ። በአፉ ትቻለሁ እያለ ከዋርካዋ ሥር ሲጋራ በእጁ ታይቷልና ግለ ሂስ ያድርግ ተባለ።

ቢያዝን ተነሣ። ከፈትል ክፍል ሴቶች መካከል የመሪጌታ የወንድም ልጅ እናትዓለም ተቀምጣለች፤ እሷ የሰማችው ከታንኳ ቀድሞ ዘጌ ይገባል። ክርስትናው እሑድ ነው። በሌላው ወገን ዳኘው ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። ዝም ቢል ድግሱ ይቀራል፤ ቢናገር በሩ ይዘጋል።

ሲጋራዋን ከኪሱ አወጣ።

"አላጨስሁም ጓዶች። ይቻትና፣ እዩዋት።"

"ታዲያ ለምን ይዘሃት ትወጣለህ?" አለ ሣህሉ።

"ለመውጣት ነዋ የያዝኋት። ያለ እሷ በሩ አይከፈትም።"

ሰው ሳቀ። ሣህሉ ግን ደስ አለው፤ ሽመና ክፍል አንድ ጀግና አገኘ። አስጨበጨበለት። ዳኘውም አጨበጨበ።

እሑድ መሪጌታ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው አሸተቱና ገቡ፤ ቆርሰው ቀመሱ፣ ልጅቱንም መረቁ። የብርጓል አንገቷ ቀና አለ።

ሰኞ ዳኘው በሩ ላይ ነበር። ቢያዝንን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ወደ ማሽኑ መለሰው። ለሌሎቹም አዲስ መመሪያ አወጣ፤ የሚወጣ ሁሉ እሱ እያየ ይለኩስ።

ከዚያ ወዲያ ቢያዝን ፈረቃውን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይለዋል፤ የብርጓል እግሩን በጨው ውኃ ታሽለታለች። የጥር ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወደ በሩ ሄዶ፣ ዳኘው ፊት ለኮሰና ወጣ። የብርጓል ሽታውን ለየችው፤ እግሩን አይታ ግን እንደ ወትሮው የጨው ውኃውን አቀረበችለት። መሪጌታ ዛሬም ሲመጡ ከደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውን እዚያው አውጥተው ያሳቅፏቸዋል። በሣህሉ ቀጣይ ሪፖርት የሽመና ክፍል ውጤት እንደገና ባዶ ሆነ፤ ሰበቡም ቁርጠኝነት ማጣት ተባለ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የሚያነቡት ተቀምጠው ነውና፣ ቢያዝንን ልበ ደካማ ከማለትዎ በፊት አንዲት ነገር ልለምንዎ። የተቀመጡባትን ወንበር ይሸከሙና ወደ ፋብሪካው ይዝለቁ፤ ከቢያዝን ማሽን አጠገብ ያስቀምጧት። ዳኘው መጥቶ ይህቺ ደግሞ ለማን ናት ሲልዎ፣ እባክዎ፣ ለቢያዝን ናት ይበሉልኝ።