የደሜ ውጤት እና እትዬ ዘርትሁን

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳባት ውስጥ ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን ቤት ቡና ስጠጣ ከንፈሬ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ፣ ራሴን ሳትኩ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሰው በመርፌ አተረፉኝ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ስነቃ ሌላዋ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ አጠገቤ ነበሩ።

"ማን ቤት ነው የጠጣኸው?"

"እትዬ ዘርትሁን ቤት።"

"ያቺ በአጥር ድንበር የተጣላሃት?" አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። "በል ዝም በል። ገብቶኛል።"

ዝም አልኩ። እኔም ጠርጥሬ ነበር። ከዚያው ጀበና እትዬ ዘርትሁንም ጠጥተዋል፤ ታዲያ የእኔ ሲኒ ውስጥ ምን ነበር? ለምን ያንን ሲኒ ለይተው አቀበሉኝ? ሁለት ምንጭ ካላገኘሁ ዜና የማልጽፍ ዘጋቢ ነኝ። በሰው ላይ ስፈርድ ግን አንድም አልፈለግኩም።

መርዛዋለች የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። የሰፈሩ ሴቶች ቡና በተራ ይጠራራሉ። የእትዬ ዘርትሁን ተራ ሲደርስ የሚሄድ ጠፋ። ቆይቶ እሳቸውን የሚጠራም ጠፋ። የሚተዳደሩት ጠላ በመሸጥ ነበር፤ ጠላቸውንም የሚቀምስ አልተገኘም።

በጥር ጎንደር ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ሲመለስ የቡና አለርጂ ምልክት አሳየ።

"ደሙ ብቻውን አይበቃኝም" አለ ሐኪሙ። "ከዚያ በፊትስ ቡና ስትጠጣ የሚሰማህ ነገር ነበር?"

ነበር። ደባርቅ ቡና ቤት ስጠጣም፣ ገዛ ቤቴም ስጠጣ ከንፈሬን ያሳክከኝ ነበር። ነገርኩት።

"እንግዲያው ቡናው ነው። ዳግመኛ እንዳትነካው።"

ሁለተኛው ምንጭ እኔው ራሴ ነበርኩ። ታዲያ ምን ዝም አሰኘኝ? "ደሙ ብቻውን አይበቃም" የሚለውን ብቻ ይዤ፣ ተጨማሪ ማረጋገጫ እየጠበቅኩ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸት ነው። ሰው በከንቱ አስጠላ እንዳልባል ፈርቼ ነው። እኔ ዝም ስል እትዬ ዘርትሁን ቤታቸውን ዘግተው ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስር ይለቅሙ ነበር፤ እጃቸው አላረፈም።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አሉ። "እንዳልመረዝኩህማ እኔ አውቃለሁ። ሂድና ለነሱ ንገር።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቹን እትዬ ሙሉ ቤት ተሰብስበው አገኘኋቸው። የምርመራውን ወረቀት ዘርግቼ፣ ከንፈሬ ያሳክከኝ እንደነበር፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። ማሩኝ አላልኩም፤ ሊምሩኝ የሚገባቸው እነሱ አልነበሩም። እትዬ ሙሉ ወረቀቱን ሳይነኩ ትክ ብለው አዩኝ።

"ትናንት ደባርቅ እሷ ዘንድ ነበርክ አሉ?"

"ነበርኩ።"

"ምን አቀመሰችህ?"

የሳቀ የለም። ዛሬ ሰኞ ለእትዬ ዘርትሁን ደወልኩ። ከሰፈሩ ሰው የደወለላቸው የለም።