ሳንቀምስ የሠራነው ወጥ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ቡራዩ ላይ ከታክሲ ወርጄ በመንገድ ዳር ሳምቡሳ ጠባሾች ፊት ሳልፍ፣ የምስሩና የሽንኩርቱ ሽታ ከትኩሱ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እግሬን ያዘው። አንዷ ልጅ ሳምቡሳው ውስጥ የሚገባውን ምስር በጎድጓዳ ሳሕን ይዛ ጨው ቆንጠር አድርጋ ጣል አደረገችበትና፣ በማንኪያ ጨልፋ ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ድንገት ጾሟ ትዝ ብሏት እጇን መለሰች። ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅሁባት መስሏት አቀረቀረች እንጂ እኔስ የሳቅሁት በራሴ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ እንደሷ ማንኪያ ይዤ፣ የሠራሁትን ወጥ መቅመስ አቅቶኝ በተገተርኩበት ቀን።

ያኔ ቡራዩ ከአዲስ አበባ ጋር እንዲህ አልተጣበቀችም። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ የገብስ ማሳ ነበር፣ ከማሳው ወዲያ ደግሞ ባሕር ዛፉ እስከ ገፈርሳ ውሃ ድረስ ይቀጥላል። ወንዶቹ እርሻና እንጨት ሥራ ሲማሩ እኛ ሴቶቹ ሆም ኢኮኖሚክስ እንማር ነበር፤ ከልብስ ስፌቱና ከሕፃናት አያያዙ ሁሉ የሚከብደው የምግብና ሥነ ምግብ ትምህርት ነው። የምታስተምረን ቲቸር ጫልቱ የምትባል የሰበታ ልጅ ነበረች። አሁን ሳስበው ሃያ አምስት ዓመትም የሚሞላት አይመስለኝም፤ ያኔ ግን ባለ ሹራብ አሮጊት ሆና ትታየን ስለነበር አንቱ እያልን እንንቀጠቀጥላት ነበር።

የልብ ጓደኛዬ ፈቲያ የጎረቤታችን የጋሽ ኸይሩ ልጅ ናት። ጋሽ ኸይሩ ከስልጤ አገር መጥተው መንገዱ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ ሚዛናቸው የታመነ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት አንድ የጅማ ነጋዴ ለልጁ ፈቲያን ጠይቆ ነበርና፣ እሳቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ ውሳኔያቸውን አስታወቁ፤ ሁሉንም ትምህርት ካለፈች ትቀጥላለች፣ በአንዱ እንኳ ከወደቀች ግን ትምህርቱ ይበቃትና ትዳር ትይዛለች። ነገሩ ድብቅ እንዳይሆን ብለው ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ይህንኑ ለቲቸር ጫልቱ ነግረዋታል። ፈቲያ በሒሳብ አንደኛ ናት፣ በእንግሊዝኛም የሚደርስባት የለም፤ የሚያስፈራት ወጥ ብቻ ነበር። አራት ታላላቅ እህቶች ያሏት ልጅ ማዕድ ቤት የምትገባው ለመጉረስ ነውና አልፈርድባትም።

ለጽሑፉ ፈተና የተዘጋጀነው ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ደብተራችንን ዘርግተን ቫይታሚኖቹን በፊደል ተራ እየጠራን፣ የትኛው ሲጎድል ዐይን እንደሚያጨልም፣ የትኛው ሲጎድል ድድ እንደሚያደማ እንደ ማኅሌት እንቀባበል ነበር። መጽሐፉ ታዲያ የማን አገር ሰው እንደጻፈው እንጃ፣ ለምሳሌ የሚጠቅሰው ሁሉ እኛ ጋ የለም፤ የዓሣ ጉበት ዘይት የተባለውን መልኩን እንኳ ሳናውቅ ጥቅሙን በቃላችን ያዝነው። ዕውቀቱ ጭንቅላታችን ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰፈሩን መመርመር ጀመርን። አንገቷ ወፈር ያለች ሴት ስናይ አዮዲን፣ እግሩ የተንሻፈፈ ሕፃን ስናይ ካልሲየም እንላለን። አንድ ቀን እራት ላይ ሽሮው ቫይታሚን ሲ እንደሚጎድለው ለእናቴ ባስረዳት፣ አንቺን ያሳደገሽ ይኸው ሽሮ ነው፣ የጎደለሽ ነገር ካለም ሌላ ነው ብላ ግንባሬን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

የተግባር ፈተናው ቀን ሲለጠፍ ግን ሳቁ ቆመ። ቀኑ ሁዳዴና ረመዳን በተደራረቡበት ወር መሀል ነው የዋለው። ቲቸር ጫልቱ ሥጋም እንቁላልም እንዳይነሣ አስባ የምስር ወጥ ከጎመንና ከካሮት ጋር እንድንሠራ አዘዘች፤ ፕሮቲኑ ከምስሩ፣ ቫይታሚኑ ከአትክልቱ ይገኛል አለች። የጣዕሙ ነገር ግን መላ አልተገኘለትም። እኛ ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፣ ሙስሊሞቹ ጀምበር እስክትጠልቅ ይጾማሉ፣ ፈተናው ደግሞ ጠዋት ነው። ወጡ በጨው ካልተስተካከለ መውደቅ አለ፤ የሚቀምስ አፍ ግን ከክፍሉ ሁሉ የለም። የፈቲያ እናት ለወጥ ሠሪ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት እንደሚፈቀድ ቢነግሯትም፣ ያን ዓመት ጾሙን ሳትሸራርፍ ልትጨርስ ቃል ገብታ ነበርና እንቢ አለች። እሷ ካልቀመሰች እኔም አልቀምስም አልኩ። ሁለታችን በአንድ ድስት ነው የምንፈተነው።

ስለዚህ መለማመድ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እነ ፈቲያ ቤት ገብተን ወጡን እንሠራና፣ ከድነን፣ አጠገቡ ተቀምጠን ቫይታሚን እየቆጠርን መግሪብ እስኪደርስ እንጠብቃለን። አዛኑ ሲሰማ ቤተሰቡ በቴምርና በውሃ ካፈጠረ በኋላ የእኛ ድስት ይከፈታል፤ የጾም ምግብ ስለሆነ እኔም አብሬ እቋደሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ታላላቅ እህቶቿ አንድ ጊዜ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። በሁለተኛው ጨው ረስተናል። እያደር ግን የፈቲያ እጅ ልኩን ያዘ፤ ከአባቷ ሱቅ የሚመጣውን ጠጠር ጨው በመዳፏ መሀል ሰብሰብ ታደርግና ዐይኗን ጨፍና ትበትነዋለች። የፈተናው ዋዜማ ላይ የሠራነውን ወጥ እህቶቿ እንጀራ ጨምረው ጠረጉት፣ እኛም ያን ሌሊት ሰላማዊ እንቅልፍ ተኛን።

በማግሥቱ ጎመኑ ተቀቀለ፣ ቁሌቱ ቀላ፣ ምስሩ ፈረሰ፤ ሁሉ ነገር እንዳጠናነው ሄደ። ፈቲያ ትምህርት ቤቱ ካቀረበው ሳሕን ጨው በመዳፏ ሰብስባ፣ ዐይኗን ጨፍና በተነችው። ዐይኗን ስትገልጥ መዳፏ ላይ የቀረው እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ተለጥፏል። ይኼ እኛ የለመድነው ጠጠር ጨው አልነበረም፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ መዳፍ ላይ ተጠቅጥቆ የሚሞላ ጨው ነው። ነገሩ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ሌላ ጊዜ የምናደርገውን ያህል ብላ እጥፍ ሳትጨምር እንዳልቀረች ጠረጠርን፤ ሳይቀመስ ግን ጥርጣሬ ጥርጣሬ ነው። ማንኪያውን አነሣሁ፣ ወጡንም ጨለፍኩ። ፈቲያ እጄን ያዘችኝ።

«ለእኔ ብለሽ ጾምሽን እንዳታፈርሺው» አለችኝ። «እኔም ደስ አይለኝም።»

ማንኪያውን መለስኩት። ድንች ጨው ይስባል ሲባል የሰማሁት ትዝ ብሎኝ ከጎናችን ካሉት ልጆች ለምኜ ሁለት ድንች ከትፌ ጨመርኩ፣ ውሃም አከልኩበት። ወጡ ቀጠነ፣ እኛም ቀጠንን።

ፈተናው ተጠናቀቀ ተባለ፣ ድስቶቹ ሁሉ ተከደኑ፣ ፈታኞቹም ጾመኛ ስለሆኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዲጠበቅ ተነገረን። እንደዚያ ያለ ቀን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ልጅ ሆዷ እየጮኸ፣ ከሚጣፍጡ ድስቶች አጠገብ ተሰልፋ፣ ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሄድ ታያለች። ፈቲያ የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች ስትፈታ፣ ስትጠቀልል ዋለች። ጅማን አንድ ቀን እንኳ አይታት አታውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ የት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቲቸር ጫልቱና ምክትል ዳይሬክተሩ ማንኪያ ይዘው መጡ። ከየድስቱ በአንድ ሳሕን ተጨልፎ ይቀርባል፣ ሁለቱ ይቀምሳሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ያልፋሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ቲቸር ጫልቱ ቀደም አለች። ጎረሰች፣ ትንሽ ቆም አለች፣ ፈቲያን አየቻት። ምክትል ዳይሬክተሩ ማንኪያቸውን ሲዘረጉ ሳሕኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ጋሪዳ» አለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ ኦሮምኛዋ የሚቀድማት ስትደሰት ነው። «ጨዉም ልክ ነው። ይሄን እኔ ልጨርሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም።»

ምክትል ዳይሬክተሩ ስቀው ወደ ቀጣዩ ድስት አለፉ። እሷ እዚያው ቆማ ሳሕኑን ጠርጋ በላችው፤ ከዚያም ማለፋችንን ነገረችንና ወደ ቧንቧው ሄደች። ፈቲያ መሬት ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዕዳ የወረደለት ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ድስታችንን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ግራና ቀኝ ይዘን፣ እየዘፈንን ወደ ቤት ወረድን። የእኔ ጾም አብቅቶ ነበር፤ ግን ወጡን አብረን ሠርተን እኔ ብቻ ልቅመሰው? ረሃቤን ይዤ መግሪብን ጠበቅሁ። አዛን ሲል ጋሽ ኸይሩ ቴምራቸውን በልተው፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ የልጃቸውን የፈተና ወጥ ካልቀመስኩ ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሡ። አላመጡ፣ ማላመጣቸውን አቆሙ፣ እንደምንም ዋጡና ብርጭቋቸውን ፈለጉ። ፈቲያ ደንግጣ ጎረሰች። እኔም ጎረስኩ። ጨው ብቻ ነው፤ ድንቹም ውሃውም አንዳች አልፈየደም። ከእህቶቿ አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች።

ጋሽ ኸይሩ አልሳቁም። «ይህን ወጥ ነው አስተማሪያችሁ ቀምሳ ያሳለፈቻችሁ?» አሉ።

«አልቀመሰችም፣ ጋሽ ኸይሩ» አልኳቸው፤ «ሳሕን ሙሉ ነው የበላችው። ለሌላው ፈታኝ አላስቀረችም።»

ዐይናቸውን ድስቱ ላይ ተከሉ። ያ ማለፍ ተሠርዞ የጅማው መንገድ ደጃፋቸው ላይ የቆመ ያህል ተሰማኝ። አባቷ ግን ድስቱን ወደ ራሳቸው አስጠግተው እንደገና ጎረሱ።

«ይህን የበላ ሰው ለሆዱ ብሎ አልበላውም፣ ላንቺ ብሎ ነው» አሏት። «ባዕዷ ይህን ከቻለች እኔ አባትሽ ምን ሆንኩ? ተማሪ።»

ፈቲያ ተማረች። ዛሬ ሱሉልታ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሲመጣ ስለ ጨው እንዴት አምርራ እንደምትመክር ያየ ሰው ምክንያቱን አያውቅም። ጋሽ ኸይሩ አርፈዋል፣ ሱቃቸው የነበረበት ቦታም ፎቅ ቆሞበታል። ቲቸር ጫልቱ ክረምቱን ተዛውራ ስለሄደች ማወቃችንን ሳንነግራት፣ እናመሰግናለን እንኳ ሳንላት ቀረን። እኔ አሁን የምኖርበት ግቢ ውስጥ ማን እንደሚጾም፣ ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም አላውቅም፤ እኔንም የሚጠብቀኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ በትምህርትም በሥራም ብዙ ሰው ፊት ቀርቤ ተመዝኛለሁ። ጉድለቴን አይተው የነገሩኝ ብዙ ናቸው፣ ልክም ነበሩ። ጉድለቴን እያወቀ፣ ሌላ ሰው እንዳያየው ብሎ፣ ቆሞ እስከ መጨረሻው የበላልኝ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላገኘሁም።