ለገረመው ሱቅ የጾምናቸው ሦስት ቀናት

ወንድም ገረመው በሕይወቱ አንድ ሲጋራ ከንፈሩን ነክቶት አያውቅም። ይህን የምናውቀው ራሱ በየምስክርነቱ ስለሚነግረን ነው። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲጭን አለቃው ሲጋራ ጋብዞት እምቢ እንዳለ፣ ጌታም ስለዚህ የራሱን ሱቅ እንደሰጠው ሰምተን ጠግበናል። ሳይነግረን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጌታ ሰጠኝ የሚላት የጄኔቭ ሱቅ የምትቆመው እሱ እምቢ ባለው ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው በቅናት እንዳይመስላችሁ። እኔም ጾሜለታለሁ፤ ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ።

ገረመው ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ የመጣው ተናኘን አግብቶ ነው። ተናኘ በአንድ ትምህርት ቤት የልጆች ምሳ ታቀርባለች፤ ፈረንሳይኛዋ እንደ ውሃ ይወርዳል። የእሱ ጀርመንኛ አልትሽቴተን ቀርቷል፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከ«ቦንዡር» እና ከዕቃ ዋጋ አልፎ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ቢሮም ይሁን ሐኪም ቤት አብራው ትሄዳለች። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትተረጉማለች።

ሰርቬት ሰፈር ያለችው ሱቁ ከፊት ለፊት ሲያዩዋት ጨዋ ናት። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ለስላሳ አለ። ከባንኮኒው ጀርባ ግን መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የናና ሲጋራ፣ ፖም ፖም የሚሸት የሺሻ ትምባሆ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፓፍ የሚሏት በባትሪ የምትሠራ፣ የከረሜላ ቀለም የተቀባች ማጨሻ ተደርድራለች። ገረመው አንድ አማኝ ከትራም ሲወርድ በመስኮት ካየ መጋረጃውን ሳብ ያደርገዋል። እኛም መጋረጃ መኖሩን እናውቅ ነበር፤ ምን እንደሚጋርድ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። በርበሬው ደግሞ ጥሩ ነበር።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ አምና ሮቤልን ከመዘምራን ያስወጣው። ሮቤል የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የቧንቧ ሥራ ይማራል፤ ድምፁ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል። ጃኬቱ ሲጋራ ሸተተ ተባለ። ገረመው ተነሥቶ፣ ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ ያቦካል ብሎ ሩብ ሰዓት ሰበከና ልጁን ከመድረክ አስወረደው። ሮቤል ሲጋራውን ከማን እንደገዛ ቢናገር ኖሮ ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር። አልተናገረም። ከገረመው የተሻለ ክርስቲያን ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ታዲያ ለከተማው ምክር ቤት አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ፍራፍሬም ሆነ ናና የሚጣፍጥ ማናቸውም ትምባሆ እንዳይሸጥ የሚከለክል። ባለሱቆቹ ተንጫጩ። ማኅበር አቋቋሙ፤ ሦስት ሱቅ ያለውን ሰውዬ ሊቀ መንበር አደረጉና ማልቀስ ጀመሩ። ደንበኛው ትራም ይዞ ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ ሄዶ ይገዛል አሉ፤ የሰፈር ሱቅ ይዘጋል አሉ፤ ዐዋቂ ሰው የሚጣፍጠውን የመምረጥ ነጻነቱ ተነካ አሉ። የጥጥ ከረሜላ ጣዕም የናፈቀው ዐዋቂ ማን እንደሆነ ስም ጠርቶ የነገረን ግን የለም። በመጨረሻ፣ ለነዋሪው ክፍት በሆነው ስብሰባ ላይ ስለ ባለሱቆች የሚናገር ሰው ሲፈለግ ገረመው ተመረጠ። ስደተኛ ነው፣ ባለትዳር ነው፣ ሃይማኖተኛ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ከዚህ የተሻለ ፊት ከየት ያመጣል።

በዚያው ሰሞን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ገረመውን ሽማግሌ አድርጋ ልትሾመው ሁለት እሑድ ቀርቷት ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቃት ሹመት ናት። ይህችን ሹመት እንዳያጣ፣ ሱቁም እንዳይጎዳ፣ ሁለቱንም የሚያድንበት መንገድ አገኘ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። እሑድ ዕለት ዐይኑን በጨው አጥቦ ተነሣና «በእንጀራዬ ላይ ጠላት ተነሥቶብኛል፤ ጸልዩልኝ» አለ። እንባውም መጣ። ጠላቱ ምን እንደሆነ፣ እንጀራውም ምን ምን እንደሚሸት አልነገረንም።

ፓስተር ነህምያ የሦስት ቀን ጾም አወጁ። ጾምን። እኔ ቢሮ እያጸዳሁ ጾምኩ። እትዬ ለተሚካኤል ስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሐኪሙም ጾምን በግልጽ ከልክሏቸዋል። እሳቸውም ጾሙ። በሁለተኛው ቀን ደረጃ ላይ አዞራቸውና ግድግዳ ይዘው ተቀመጡ፤ ለወንድሜ እንጀራ ነው ብለው ግን ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ከመንግሥት ጋር ጉዳይ ካለው ብቻውን አይላክም። ሄደን ከኋላው እንቀመጣለን፤ ቋንቋው ባይገባን እንኳ በሆዳችን እንጸልያለን። እትዬ ለተሚካኤል ስብሰባው የትና መቼ እንደሆነ ተናኘን ጠየቋት። ተናኘ አዳራሹንም ሰዓቱንም ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እንደምንመጣ ለገረመው ግን አልነገረችውም።

በአራተኛው ቀን አሥራ አንድ ሆነን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደረደርን። ገረመው ማይክራፎኑን ይዞ ዞር ሲል እኛን አየን። እኛ ፈገግ አልንለት። እሱ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

መቼም ተጀምሯልና ስለ ዐዋቂዎች ነጻነት ባለሱቆቹ የጻፉለትን በአማርኛ አነበነበ፤ ተናኘም ተረጎመች። ከዚያ ሐሳቡን ያቀረበችው የምክር ቤት አባል፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት፣ ከቦርሳዋ አምስት ፓፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እንጆሪ፣ ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ ናና፣ የጥጥ ከረሜላ። ፓስተር ነህምያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሽቶ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ለጸሎት ግን አልነበረም።

ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። እነዚህን ወደ ራስዎ ቤት ያስገባሉ ወይ አለች። ተናኘ በአማርኛ ነገረችው።

ገረመው አያት፤ ከዚያ እኛን አየን። ሹመቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለሴትዮዋ የሚሆነውን ሚስቱ እንደምታሳምርለት ተማምኖ ነው መሰለኝ፣ ለእኛ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«እኔ ቤት? ጌታ ይገሥጸው። እኛ አማኞች ነን፤ እንዲህ ያለ መርዝ ደጃፋችንን አይረግጥም።»

ተናኘ ቃል በቃል ተረጎመችው። መርዝ የሚለውንም አልዘለለችም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀስ በቀስ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ሴትዮዋ ገረመውን አመስግና ማጨሻዎቿን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በዚያ ቀን ሁሉ ገረመው የተናገራት እውነት «መርዝ» የምትለዋ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ያወጣት ለመዋሸት ብሎ ነው።

ኮሪደር ላይ ከበብነው። ሕጋዊ ንግድ ነው አለ፤ እኔ ካልሸጥኩት ሌላው ይሸጠዋል አለ፤ ሮቤልን ሲያስወርድ ያልነበረው ትሕትና አሁን ከየት እንደመጣለት አላውቅም። ፓስተር ነህምያ የእሑዱ ሹመት ቀርቷል አሉና ካፖርታቸውን ለበሱ። ለመሄድ ዞር ስንል እትዬ ለተሚካኤል ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ልጄ ገረመው፣» አሉት ቀስ ብለው፣ «እኔ ሦስት ቀን ውሃ ሳልቀምስ የዋልኩት ስለ ምን ነበር?»

ገረመው እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«እትዬ የጠየቁህ በአማርኛ ነው፤» አለችው ተናኘ። «ራስህ መልስላቸው።»