የራስ ቅሎቹ ሞግዚት

«ሞግዚት» የወጣላት ቅጽል ስም ነው እንጂ ልጅ አሳድጋ አታውቅም። ዕድሜዋን የፈጀችው በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት የራስ ቅሎችን ቅጂ በጀሶ ስታወጣ ነው። ጀሶው ከጥፍሯ ሥር አልለቅ ስለሚል፣ ሠርግ ስትጠራ እንኳ እጇን ጠረጴዛ ሥር ትደብቅ ነበር። ጡረታ ወጥታ ጥፍሯ ሲጠራ ግን ከፋት። ለካ ጀሶም ይናፍቃል።

ስሙን ያወጡላት አለቃዋ መምህሩ ናቸው። የሰውና የቺምፓንዚ አጥንት ከሕፃንነት ጀምሮ እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠኑ ሰው ነበሩ። ሥራ በጀመረች ሰሞን ቅጂዎቹን ሁሉ አውርዳ አጠበችና መልሳ ደረደረች። ግንባሩ ክብ፣ ፊቱ ጠፍጠፍ ያለ አንድ ትንሽ ራስ ቅል ስታገኝ፣ ሳትጠራጠር ከሰው ሕፃናት መሃል አስቀመጠችው። ለካ የቺምፓንዚ ሕፃን ኖሯል። ተማሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

መምህሩ ግን አልሳቁም። የትልቁን ቺምፓንዚ ራስ ቅል አውርደው ከሕፃኑ ጎን አኖሩት፤ መንጋጋው ወደፊት የገፋ፣ ከዓይኑ በላይ አጥንት የተቆለለበት፣ ግንባሩ ወደኋላ የሸሸ ነው።

«ተዪው፣ ገና ልጅ ነው» አሏት። «በልጅነታችን እንመሳሰላለን። እሱ ሲያድግ ፊቱ ወደፊት ይወጣል፤ የእኛ ከልጅነቱ ብዙም ሳይርቅ ይቀራል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። አንቺ ጥሩ ሞግዚት ይወጣሻል።»

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር እሷ ሕፃኑን ከሰዎቹ መሃል ትሸሽገዋለች፤ መምህሩ «ከእነዚህ ውስጥ እንግዳው የቱ ነው?» ይላሉ፤ ተማሪው ሁሉ ያልሆነውን ይጠቁማል። ሁለቱ ከኋላ ይጠቃቀሳሉ። ደግ ጊዜ ነበር።

አሁን መምህሩን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ልጃቸው ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ልትወስዳቸው መጥታለች። ሞግዚት ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ሳይሄዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያውቋት ሌላ አልፈለገችም።

«አይክፋዎት እትዬ» አለቻት ልጃቸው፣ ካርቶን እያሰረች። «እኔንም እኮ አባዬ እህቴ ነው የሚለኝ።»

በመሄጃቸው ቀን ሞግዚት፣ ጡረታ ስትወጣ የሰጧትን ቅጂዎች በፎጣ ጠቅልላ መጣች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሕፃናቱን በአንድ ወገን፣ ትልቁን ቺምፓንዚ በሌላ ወገን ደረደረች። ግራ እንዳይጋቡ ብላ ትንሹን ቺምፓንዚ በትክክለኛው ቦታ፣ ከትልቁ አጠገብ አደረገችው።

መምህሩ ራስ ቅሎቹ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ልጃቸው መኪናው እንደደረሰ ነገረቻቸው፤ አልሰሙም። ሞግዚት ተስፋ ቆርጣ ፎጣውን አነሳች።

ያኔ እጃቸውን ዘረጉ። ትንሹን ራስ ቅል በሁለት እጃቸው አንስተው፣ እንደተኛ ልጅ ቀስ ብለው ወሰዱትና ከሰው ሕፃናቱ መሃል አስቀመጡት።

«ገና ልጅ ነው እኮ» አሉ። ቀና ብለውም አዩዋት። «ሞግዚት፣ ምነው ዛሬ ተሳሳትሽ?»

«ተሳሳትኩ ጋሼ» አለች። እንዲህ ደስ ብሏት ተሳስታ አታውቅም።